ያልተገመጠው ቸኮሌት

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዛሬም ሁለት በልቼ ዋልኩ። ሥራ ነው መቼም! ማስታወቂያ የምንሠራለትን የጀርመኑን ካሬ ቸኮሌት እያጠናሁት ነው። መሐሉን በሁለት አውራ ጣት ሲጫኑት ቀጭ ይልና ማሸጊያውም አብሮ ይከፈታል። ያ ድምፅ ነው የሚሸጠው። ደግሞ ቀለሙ... ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ "ሰማያዊውን" ብሎ ይጠይቃል።
አለቃዬ ሊኔያ የማስታወቂያ ፊልም አስባለች። የየሰፈሩ አዛውንቶች ሲሰብሩ፣ ሲገምጡ። "የእናንተን ሰዎች ታገኚልኛለሽ?" ሳላስብ "አዎ!" አልኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ይሄ ከተሳካ ቋሚ ታደርገኛለች... እንደዚያ ነው ያለችው፣ አይደል?

ሐሙስ፣ ማርች 6
የሻርሆልመን ሰፈር የሐበሻ ጡረተኞች ማኅበር እሺ አለ! እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።

እሑድ፣ ማርች 9
ምን ነካኝ? ምን ነካኝ?
ዐቢይ ጾም ነው። ሁለት ካርቶን የወተት ቸኮሌት ተሸክሜ ጾመኞች መሐል ገባሁ። እኛ ቤት ጴንጤ ስለሆንን... ሰበብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከኦርቶዶክስ ጎረቤት ጋር ኖሬ!
ማንም አልተቆጣም። የባሰው እሱ ነው። በሁለት እጅ ተቀብለው፣ "ተባረኪ" ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እትዬ ውብነሽ ብቻ መነጽራቸውን አድርገው ጀርባውን አነበቡ።
"ናዝሬትዬ፣ ከነወተቱ እስከ ፋሲካ ልታስጠብቂን ነው?"
ቤቱ በሳቅ አለቀ። ካሜራው ይቀርጻል። ሊኔያ ጆሮዬ ሥር፣ "አንድ ሰው ብቻ ይግመጥ።"
"ጾም ነው እኮ።"
"አንዲት ንክሻ!"
ጋሽ ሽፈራው፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ፊቴን አዩት። "የእንጀራሽ ጉዳይ ነው አይደል፣ ልጄ? አምጪው።" ሰበሩት። አፋቸውን ከፈቱ...
እጃቸውን ያዝኩ። "አይሆንም ጋሼ። ያስቀምጡት።"
 

ረቡዕ፣ ማርች 12
ሊኔያ ፊልሙን አቀናበረችው። ቀጭ። የጋሽ ሽፈራው አፍ ይከፈታል። ወዲያው ሳቅ... በእትዬ ውብነሽ ቀልድ የሳቁት ሳቅ! የኔ እጅ ተቆርጦ ወጥቷል። ላየው ሰው በልተዋል።
"አያምርም?" አለችኝ። ያምራል። እሱ ነው የሚያስፈራው። እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሊያየው ነው። ማኅበሩ ምን ይላቸዋል? የንስሐ አባታቸውስ?
ጋሽ ሽፈራው እሑድ የፈረሙት የፈቃድ ወረቀት እኔ ጋ ነው። ያለሱ ፊልሙ አይወጣም። "ዓርብ ጠረጴዛዬ ላይ" ብላለች።

ሐሙስ፣ ማርች 13
ለእማዬ አልነገርኳትም። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ማርች 14
ጠዋት በቀጥታ ጋሽ ሽፈራው ቤት። በስልኬ አሳየኋቸው። ሁለቴ አዩት።
"በላሁ እንዴ?"
"አልበሉም ጋሼ።"
"እንዲህ ሳየው እኔም ተጠራጠርኩ።"
ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ለሁለት ቀደዱት፣ ከዚያ ለአራት። "አንቺስ?"
"እኔማ... እንጃ።"
ኮታቸውን አንሥተው እስከ ቱነልባናው ባቡር ጣቢያ ሸኙኝ። 
ወረቀቱ መቀደዱን ስነግራት ሊኔያ አልጮኸችም። "የሙከራ ጊዜሽ እዚህ ላይ ያበቃል" አለች፣ ኮምፒውተሯን እያየች።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1
ቃለ መጠይቅ፣ ሌላ ማስታወቂያ ድርጅት። ሁለት ሰዎች። መጨረሻ ላይ፣ "ጥያቄ አለሽ?" ድሮ ቢሆን ፈገግ ብዬ "የለኝም" ነበር የምለው።
"የምትቀርጿቸው ሰዎች፣ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ያዩታል?"
ተያዩ። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ አንደኛው።
"መልሱስ?" አልኩት።