ባቡር ላይ ወራጅ የለም

ማሎ፣ እባክሽ መሊካ፣ ያንቺን ፕላን ለጎረቤታችን ለሀጀራ ሳነብላት በሳቅ ፈረሰች።

መተሃራ ወርደን፣ ሀይቁ ጋ ፎቶ ተነስተን፣ በሚቀጥለው ባቡር ድሬዳዋ እንገባለን? የአምቦ ሚኒባስ መሰለሽ እንዴ፣ ወርደሽ ከኋላ የሚመጣውን የምትይዢው? ደውዬ ጠየቅኩልሽ፣ ከኛ ቀጥሎ ያለው የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጂኦግራፊ አንደኛዋ።

እኔን ግን ክፍል ውስጥ ሁሉም እየሰማ «ከእጃጂ ወጥታ አታውቅም» አልሽኝ።

ባቡሩ በጠዋት ስለሚነሳ አዲሳባ አክስቴ ጋ ላድር ሄጃለሁ። ወይኔ፣ ነገ ባቡር ውስጥ ነኝ! ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ ስትወጪ ቁልፉን ሰኪና ሱቅ ተዪው።

ትኬትሽን ይዤው ልሄድ ነበር።
ትራስሽ ስር ነው።

ከመጣሽ ዛሬውኑ ድረሽ። መስኮቱ ጋ እኔ ነኝ የምቀመጠው። ሀይቁ ጋ ስንደርስ ጠጋ ብለሽ ታያለሽ፣ «ወራጅ አለ» ካልሽ ግን አላውቅሽም።

ለንሳ