ሁለት ጊዜ ብቻ አረፍን

ለመምህርት ፍቅርአዲስ፣ ለእኔ ግን ገና አፍንጫዋን መጥረግ ላልለመደችው የልጅ ልጄ፤ ሰላምታዬ ከየካ ዲላ ድረስ ይድረስሽ።

አያትሽን ወርቄን በየቅዳሜው እንጦጦ ማርያም ጠበል እንወስዳታለን። ታክሲ የሚያደርሰን እስከ ዳገቱ ሥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ እኔና የጋራዥ ባልደረባዬ ገበየሁ እየተቀያየርን እናዝላታለን። ሠላሳ ዓመት አብረን ሞተር ያነሳን ሰዎች አይደለን እንዴ?

መስከረም ላይ ሰባት ቦታ እናርፍ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ብቻ አረፍን። «አየሽ፣ ጎረመስን» አልኳት፤ እሷም ሳቀች። ቀልዴን ሳይመልስ የማያልፈው ገበየሁ ግን ከቀጠነው ትከሻዋ የተንሸራተተውን ነጠላ አስተካከለላት።

«ለልጅቷ እንዳትጽፍ፤ ሥራ ገና መጀመሯ ነው» ብላኛለች። እኔም አልጻፍኩልሽም። ለወሬ ያህል ብቻ፣ እዚያ ለአዲስ መምህር ፈቃድ የሚሰጡት መቼ ነው?

ገበየሁ ሰላም ብሎሻል። የማርያም ጥላ አይለይሽ።

ዳገት እንደ ጎረምሳ የሚወጣው አያትሽ