የታይሪ የእግር መንገድ፣ አራተኛው እቅድ

ክሬሰንት ታውን፣ ቶሮንቶ
መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለይላዬ፣ የኔ እናት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዓፊያሽ እንዴት ነው ብዬ አልጀምርም፤ ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ አባ» ነው የምትዪኝ፣ ያቺን ቃል ደግሞ ጠግቤያታለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከሁለቱ ኤሌቬተር አንዱ እንደ ልማዱ ቆሟል፤ ከአስራ ዘጠነኛ ፎቅ ለመውረድ ወረፋ ነው። በወረቀት የምጽፍልሽ እናትሽን ፈርቼ ነው። ዛህራዬ ስልኬን እንደ ራሷ ስልክ ነው የምትከፍተው፤ በዚህች ጠባብ ቤት ደግሞ ሰው የሚያንሾካሹክበት ጥግ የለም። ስለዚህ ቴይለር ክሪክ መናፈሻ ወርጄ፣ ልጅ ሆነሽ ወፍ ስንቆጥር የምንቀመጥባት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። እጄ በብርድ ደንዝዟልና በጽሕፈቴ እንዳትስቂ።

እቅዱን አብሬ ልኬልሻለሁ። አራተኛው ነው። መስከረም ላይ ታይሪ ደሴት ያለውን ቤት ለሰኔ ቡክ አድርገሽ «አባ፣ የወፍ መንገዱን እንደ ድሮው አንተ አውጣ» ስትዪኝ ምን ያህል እንደተደሰትኩ ታውቂያለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶብስ የነዳ ሰው መንገድ ማውጣት አይከብደውም። የታይሪን ካርታ ገዝቼ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ደሴቷ ሜዳ መሆኗን ሳይ፣ ይህቺማ ስኮትላንድ ውስጥ ለእኔ የተሠራች ናት አልኩ። የመጀመሪያው እቅድ በቀን ዘጠኝ ኪሎሜትር ነበር፤ በምዕራቡ ጫፍ የባሕር ወፎቹ እንቁላል እስከሚታቀፉበት ገደል ድረስ። የት ውሃ እንደምንጠጣ፣ ዙህርን የት እንደምንሰግድ፣ ሁሉንም በደቂቃ ጽፌው ነበር።

ኅዳር ላይ መታመምሽን ነገርሽኝ። «ለእማ እንዳትነግራት፣ ደሟ ይነሳባታል፤ እስከ ሰኔ ድኜ እጠብቃችኋለሁ» አልሽኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ጥር ላይ ዘጠኝ ኪሎሜትር ለእናንተ አይበዛም ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ገባኝ፤ ሦስት አደረግሁት። የካቲት ላይ ደግሞ በመንገዱ ላይ ስንት መቀመጫ አለ አልሽኝ። እሱንም ቆርጬ ከቤቱ አጠገብ እስካለው ሐይቅ ብቻ አደረግሁት።

እናትሽን ምን ልበላት? ካርታው ግድግዳ ላይ ነው፣ መስመሩ ባጠረ ቁጥር ታያለች። ጉልበቴን አሞኛል አልኳት። ወላሂ ከዚያ ቀን ጀምሮ መከራዬን ነው የማየው። ከመግሪብ በኋላ ሶፋው ላይ ታስቀምጠኝና በጥቁር አዝሙድ ዘይት ታሸኛለች። ሁለት ጤነኛ ጉልበት ስታሽ ታመሻለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለኝ እምቢ ብያት፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ተረተችብኝ።

የዒድ ዕለት በቪዲዮ ስናይሽ ሻሽሽን እስከ ቅንድብሽ አውርደሽው ነበር። እናትሽ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ትክ ብላ አየችሽ። ያቺ ሴት በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ «ቀጠንሽ» ሳትልሽ ስልክ ዘግታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን አላለችሽም። ዓይኗ ደክሞ አልታያትም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ባልሽ ደወለ። ሸምሰዲንን ታውቂዋለሽ፣ አንድ ነገር ለመናገር ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይፈልጋል። ስለ ግላስጎ ዝናባችሁ ነበር የሚያወራኝ። ስለ ዝናቡ እያወራ አለቀሰ። እኔም ስለ በረዶአችን ነገርኩት፤ ሌላ ምን ልበል? በኋላ ሕክምናው እንደቆመ፣ ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው እንዳሏችሁ ነገረኝ። እንዳትቆጪው፣ ሰው ብቻውን ስንት ይችላል? ነገውኑ ልምጣ አልኩት። ለይላ «አባ አሁን ከመጣ እማ ታውቃለች፣ ቀጠሯችን ሰኔ ነው» ብላለች አለኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ እዚያ ተኝታ እኔ እዚህ እጄን አጣጥፌ ካርታ አያለሁ።

አውቶብስ ስነዳ ሾርት ተርን የሚሉት ነገር ነበር። መስመሩ ሳያልቅ፣ መሃል መንገድ ላይ፣ ሰው አውርደህ ተመለስ የሚል ትእዛዝ ይመጣል። አንድ ዊንተር አንዲት ባልቴት አስቤዛዋን ተሸክማ በረዶ ላይ እየወረደች «ለምን?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ከላይ የመጣ ነው ብያት በሩን ዘጋሁ። ሰሞኑን ከዓይኔ የማትጠፋው እሷ ናት። አስተግፊሩላህ፣ ማማረሬ አይደለም። ግን እኔም እንደሷ ለምን እላለሁ፣ የሚመልስልኝ የለም።

እና አራተኛው እቅድ ይኸውልሽ። ከቤቱ በር እስከ ግድግዳው ሥር ወንበር፣ አርባ እርምጃ። የቤቱ ባለቤት እንደጻፈችልኝ ከሆነ ኮርንክሬክ የሚሏት ወፍ፣ ያቺ የቆቅ ታናሽ የምትመስለው፣ ደጃፉ ላይ ካለው ሣር ውስጥ ነው የምትውለው። አትታይም፣ ድምጿ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ማበጠሪያ በጥፍር ሲፋቅ እንደሚሰማው። ተቀምጦ መስማት ይበቃል። ደግሞ ወፏ ሰኔን አትጠብቅም፤ አፍሪካ ከርማ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ትገባለች። ቤቱም ያን ጊዜ ባዶ ነው፣ ጠይቄያለሁ። እኔ ስለ ወፏ ነው የምነግርሽ፣ ያው አንቺ ታውቂያለሽ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው አስቤ ነበር። ግን የትናንቱን ሳልነግርሽ አላድርም። እናትሽ እንደ ልማዷ ቀኝ ጉልበቴን እያሸች ቀና ብላ ካርታውን አየች።

«አርባ እርምጃ ለለይላ ይበዛባታል» አለች።

የኔ ጉልበት እኮ ነው ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የዚያ ቤት አልጋ ወደ መስኮቱ ነው ወይስ ወደ ግድግዳው የዞረው? ለይላን ጠይቃት» አለችኝ።

ዘይቱን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ወደ ግራ ጉልበቴ ዞረች።

ስለዚህ ለይላዬ፣ እማ ታውቃለች የምትዪው ምክንያት አልቋል። በይ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፤ አልጋው ወደየት ነው የዞረው?

አላህ ሕመሙን ያቅልልሽ፣ ሌሊቱን ያሳጥርልሽ፤ ባንቺ ላይ ያለውን ወደ እኔ ያዙረው።

ጉልበቱ ደህና የሆነው አባትሽ፣
አብዱረህማን