በንጉሡ ሠ የተጻፈው ወረቀት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ከመጋዘኑ የሌሊት ብርድ ጋር ታረቀ? ባለቤትህስ እንዴት ናት፣ ጉንፋኑ ለቀቃት? ልጆቹስ? እኔ እኅትህ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ ማለት ቆሜ እሄዳለሁ ማለት ነው። ትልቋ ልጅህም በአካሏ ደኅና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት የቀረውን ስታነብ ልብህ እንዳይወድቅ ብዬ ነው። በል ተቀመጥና አንብበው፤ ለባለቤትህ ግን ጮክ ብለህ አታንብብላት።

ኮሌጁ ክፍያውን በእጥፍ መጨመሩን፣ ቤተ መጻሕፍቱንም ገና በዘጠኝ ሰዓት መዝጋት መጀመሩን ባለፈው ጽፌልህ ነበር። ከዚያ ወዲህ መምህራኑንም ቀነሱና አንዱ መምህር የሦስት ሰው ክፍል ደርቦ ያስተምር ጀመር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ አቤቱታ ጻፉ፤ መልስ የሰጣቸው የለም። ከዚያ ግቢው ውስጥ ቁጭ አሉ፤ ልጅህም አብራቸው አለች። ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። የተቀመጡት ከመዝገብ ቤት መስኮቴ ሥር ስለሆነ ሲያስሉ ሳይቀር እሰማቸዋለሁ። በሩ ላይ ደግሞ ጥበቃው በየቀኑ ይጨምራል። ለመምህር ገንዘብ የለንም ያሉ ሰዎች ለዱላው ከየት እንዳመጡ እንጃ።

ማክሰኞ ጧት ስንገባ በግድግዳው ሁሉ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተባዝቶ ተለጥፏል። ስም የለው፣ ፊርማ የለው። እንዲህ ይላል፦ «ኀላፊዎች ሆይ፣ ዐይናችሁን ግለጡ፤ የሠራተኛ ልጅ ተምሮ ፀሐይ ቢሞቅ ምን ይጎዳችኋል?» ገና ሁለተኛውን ቃል ሳልጨርስ የልጅህ መሆኑን ዐወቅሁ። የእጅ ጽሑፏን ለውጣዋለች፤ በግራ እጇ ይሁን በእግሯ እንጃ፣ ዶሮ የጫረው አስመስላዋለች። ፊደሉን ግን አልለወጠችም። ኀላፊ በብዙኀኑ ኀ፣ ዐይን በዐይኑ ዐ፣ ሠራተኛ በንጉሡ ሠ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚጽፍ ልጅ ከየት ይመጣል? ካንተ ከማተሚያ ቤት አራሚው ጉያ ነው እንጂ።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ያ ባለሥጋ ቤት ሰሌዳው ላይ «ስጋ» ብሎ ቢጽፍ ጠመኔ ይዘህ ልታርምለት ሄድህ። «ሥጋ በእሳቱ ሰ አይጻፍም» ብትለው «እንግዲያው እሳት ያልነካውን አንተ ብላው!» ብሎ ቢላውን እንደ ያዘ አባረረህ። ልጅቱ ያን ጊዜ ትከሻህ ላይ ነበረች። እኛ ሥቀን ረሳነው፤ እሷ ግን ከጡት ጋር ጠብታዋለች።

ትናንት ጧት አለቃዬ አስጠራኝ። እኛ ሠራተኞቹ «ማኅተሜ» ነው የምንለው፣ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ማኅተሙን ከኪሱ ስለማያወጣ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፤ አራቱን ቃላት በቀይ ከቧቸዋል። ሰውየው ሞኝ አይደለም። «ሁሉም ሲመዘገብ በእጁ የጻፈው ማመልከቻ አንቺ መዝገብ ቤት አለ። እንደዚህ የሚጽፈውን ፈልጊና እስከ ማታ አምጪልኝ። ከዚህ ብቻ አይደለም፣ የትም እንዳይማር ነው የማደርገው» አለኝ። የሷ ስም ባንተ፣ የኔ በአባታችን ስለሚጠራ አክስቷ መሆኔን አላወቀም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መፈለግ እንኳ አላስፈለገኝም። ማመልከቻዋን ከፋይሉ አወጣሁና አራት አጥፌ ጫማዬ ውስጥ ከተትሁት። ማታ ገብቼ «አላገኘሁም» አልሁት። «ግድ የለም» አለ። ሰኞ ጧት ተማሪው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ ቃለ ጽሕፈት ይጽፋል፤ አራቱም ቃላት ይኖሩበታል፤ እምቢ ያለ ይባረራል። ወረቀቱን የምሰበስበው እኔ ነኝ፤ እሱ አጠገቤ ይቆማል።

አሁን ስንወጣ ቦርሳችንን ይበረብራሉ፤ ጫማ ማስወለቅ ገና አልጀመሩም። ከመዝገብ ቤቱ እስከ በሩ ያለውን መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ እንደ ትናንቱ ረዝሞብኝ አያውቅም። ጥበቃው «ምነው እትዬ፣ አነከስሽ?» አለኝ። እርጅና ነው አልሁት። አንዲት ገጽ ከፋይል አጉድዬ የማላውቀው ሴትዮ በስተርጅና ሌባ ሆንሁልህ። ፈርቼአለሁ፣ ግን አልቆጨኝም።

ዛሬ ጧት ልጅህን ከግቢው ጓሮ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኋት። አንዲት ገጽ አሳስተሽ መጻፍ ምን ያቅትሻል ብዬ ለመንኋት። ከስታለች፤ ድምፅዋም ሻክሯል። «አክስቴ፣ ሌላውን ሁሉ ቀምተውኛል፤ የአባቴን ፊደል ደግሞ በገዛ እጄ ልስጣቸው?» አለችኝ። ተቆጣሁ፤ አለቀስሁም። የቀራት እኮ አንድ ዓመት ነው! አንተ ከአራሚነት ወንበርህ ተነሥተህ፣ ስልክ በማይደርስበት በረሓ የመንገድ ሥራ ሲሚንቶ የምትጠብቀው ለዚችው ዓመት አይደለም? ግን ማንን ልቆጣ? ግትርነቱ ያንተው ነው። ዘር ከልጓም ይስባል።

የኔን ምክር ከፍርሀት ቈጠረችው፤ ያንተን ቃል ግን አትጥልም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የድርጅታችሁ ሾፌር እሑድ ይመለሳል። በሱ እጅ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላክላት። ምክር ብቻ ከሆነ «አባቴም ፈራ» ትላለች፤ ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ የተሳሳተ ይሁን። ሥራን በእሳቱ፣ ዐይንን በአልፋው፣ ፀሐይንም እንዳሻህ አድርገህ ጻፍላት። የአባቷ እጅ ዐውቆ ሲሳሳት ካየች ያኔ ይገባታል። ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ስታርም ለኖርህ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። እባክህ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ።

ለባለቤትህ እንደምን አለሽ በልልኝ፤ ስለ ልጇ ከጠየቀችህ ፈተና ላይ ናት በላት፣ ውሸትም አይደለም። ለጐረምሳው፣ የላከልኝን ሥዕል ከአልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ በለው። የጩጬዋን ሁለት ጉንጭ ሳምልኝ። ጎረቤትህን አናጢውንም ሰላም በልልኝ።

ታናሽ እህትህ።
ብዙኀኑን ኀ ትቼ በሀሌታው ሀ የጻፍሁት ዐውቄ ነው። እኔ ጀመርሁልህ።

ከመዝገብ ቤቱ፣ በምሳ ሰዓት
ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን