የጦይባ ድምፅ ያለ ስሟ

ማክሰኞ

ሰይድ ቢሮዬ ገብቶ «ጋሽ ታደሰ፣ ተሰረቅሁ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ሰይድ እኮ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ የሰው ዘፈን ሚሞሪ ላይ እየጫነ የሚኖር ሰው ነው። ስለ ቅጂ መብት አዋጁ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ ዘፈን ውሃ ነው፣ ማን ይገድበዋል ይላል። አሁን ውሃው ሲሄድበት ጠበቃ ፈለገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይድ በቪዲዮ ቻናሉ ላይ እትዬ ጦይባ ከላላ ሰርግ ላይ የዘፈነችውን አውጥቶ ነበር። ጦይባን የማያውቅ ወሎ ቦረና ውስጥ የለም፤ ባሏ ማሲንቆ ይመታል፣ እሷ ታዜማለች። ትናንት ማለዳ ዘፈኑ ተነሥቷል። ምክንያቱ ባለመብት አቤት ስላለ ነው ተባለ። ባለመብቱ አዲስ አበባ ያለ ሙዚቃ አሳታሚ ነው። የእሱ ዘፋኝ ያወጣው ዘፈን ከጦይባ ቅጂ ጋር አንድ ነው ይላል።

«ስንት ዓመት ስትሰርቅ ኖረህ?» አልኩት።

«ወላሂ የራሴን ነው! በራሴ ስልክ፣ ቆሜ የቀዳሁት!»

አባረርኩት። ከወጣ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የጦይባ የተቀዳው አምና ነው፣ የአዲስ አበባው የወጣው ዘንድሮ ነው። ታዲያ ታላቁ የታናሹ ቅጂ የሚሆነው እንዴት ነው?

ረቡዕ

ሥራ አልሠራሁም። አዋጁን ፈልጌ አወጣሁ። ከዋኝ የሚለው ቃል አለ፤ ዘፋኝ፣ ተዋናይ፣ ተራኪ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ጦይባ ከዋኝ ናት። ዩኒቨርሲቲ እያለን መምህሩ ይህን ምዕራፍ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሰጡትም። የሚጠቅማችሁ መሬትና ውርስ ነው ብለው አለፉት። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ይህን ያህል ዘመን ያለ እሱ ኖሬአለሁ።

ከሰዓት ወደ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አይደለም። አቤቱታውን ሰው አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። ሰው የለም፣ የሚያዳምጠው ማሽን ነው አለኝ። ማሽን ጆሮ አለው ወይ? ምኑን ነው የሚሰማው? ዜማውን? ቃሉን? ሰይድ አያውቅም። በሚሠራበት ነገር ላይ ይህን ያህል አለማወቅ እንዴት ይቻላል?

ሐሙስ

ፈተና አደረግን። ሕዝብ በማያየው መንገድ ማውጣት ይቻላል፤ ማሽኑ ግን ያዳምጣል። በመጀመሪያ እኔው ራሴ ዘፈኑን ዘፍኜ ቀዳነው። (ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሳቅ።) ማሽኑ ዝም አለ። ስለዚህ ዜማውንም ቃሉንም አይደለም ያወቀው። ከዚያ የጦይባን ቅጂ ለሁለት ቆርጠን አወጣነው። ሁለተኛው ግማሽ አለፈ። የመጀመሪያው ተያዘ።

መብራት ሄደ። መብራት ኃይልን የተራገምኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሲመጣ የመጀመሪያውን ግማሽ እንደገና ከፋፍለን ሞከርን። የሚያዘው መግቢያው ብቻ ነው፤ ጦይባ ያለ ማሲንቆ ድምፅዋን ብቻዋን የምታወጣበት ቦታ።

ደስ አለኝ። ምን እንደሚያስደስተኝ ግን አላወቅሁትም።

ዓርብ

አገኘሁት!

የአዲስ አበባውን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት። ከበሮው ከመግባቱ በፊት አንዲት ሴት ከሩቅ ታንጎራጉራለች። ማስዋቢያ መስሎኝ ነበር። ከሥሯ አንድ ወንድ፣ በጣም በቀጭኑ፣ «ተቀበይ!» ይላል።

ስቱዲዮ ውስጥ ማን ነው ተቀበይ የሚል? ተቀበይ የሚባለው ሰርግ ላይ፣ እንግዳ ለአዝማሪ ግጥም ሲሰጥ ነው። ቆርጦ የወሰደው ሰው ይህን አላወቀም፤ የዘፈኑ አካል መስሎት ትቶታል። ማሽኑ አልተሳሳተም ማለት ነው። ሁለቱም ላይ የሰማው አንድ ጉሮሮ ነው። የተሳሳተው ባለቤቱ ማን እንደሆነ የነገሩት ሰዎች ናቸው።

ጦይባ ቤት ሄድን። ሰሌን አንጥፋ ገብስ እያሰጣች ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ገና «ተቀበይ» ሲል «ይኼማ አያ ይማም ነው» አለች፤ የከላላው በቅሎ ነጋዴ። እዚያ ሰርግ ላይ ሲያስቸግራት ነው የዋለው፤ የሚሰጣት ግጥም ሁሉ ስለ በቅሎው ነበር።

ምስክር ተገኘ። በቃ፣ እንከሳለን አልኳት። ገብሱን በእጇ መበተኗን ቀጠለች። ከዚያ ጅዳ ስላለች ልጇ ነገረችኝ። ልጅቱ የአዲስ አበባውን ዘፈን የአገሯ ልጆች ስልክ ላይ ሰምታ፣ ይቺ እናቴ ናት ብትላቸው ሳቁባት። ስምዋ የታል አሏት። ደውላ ያለቀሰችው በዚህ ነው።

«ክሱን አንተ ታውቃለህ፣ የኔ ጌታ» አለች። «እኔ የሰው ስም ስጠራ ነው ያረጀሁት። ሙሽራውን፣ አማቹን፣ በቅሎውን ሳይቀር። የእኔን አንድ ሰው ቢጠራው ምን ነበረበት?»

መመለሻ ላይ ሰይድን ፋይሉን ምን ብሎ እንደጫነው ጠየቅሁት። «ምርጥ ሰርግ» አለ። ሚሞሪ ላይ የወጣው ሁሉ በዚያ ስም ነው የሄደው፤ አዲስ አበባም የደረሰው እንዲሁ ይሆናል። ለምን ስሟን አልጻፍክም? እዚህ የማያውቃት ማን አለና ይጻፋል አለ። ጮኽኩበት። መንገደኛ ቆሞ እስኪያየን ጮኽኩበት።

ቅዳሜ

ለቪዲዮ ድርጅቱ መቃወሚያውን ጻፍኩ። አጭር ነው። ከዋኟ ማን እንደሆነች፣ የት እንደዘፈነች፣ ተቀበይ ያለው ማን እንደሆነ። ኔትወርኩ ሦስቴ ጥሎኝ በአራተኛው ሄደ።

ከዚያ አሳታሚው ጋ ደወልኩ። አንድ ወጣት አነሣ፤ ትሁት ነው፣ ትሕትናው ግን አናደደኝ። የሕዝብ ዜማ ነው አባቴ፣ ባለቤት የለውም አለኝ። ባለቤት ከሌለው እናንተ በምን አቤት አላችሁ?

«ዜማው የሕዝብ ይሁን» አልኩት። «ጉሮሮው ግን የአንዲት ሴት ነው። ስም አላት።»

ኃላፊዎቹን አነጋግሬ እደውላለሁ አለ። ስሟን ግን ጠየቀኝ። ፊደል በፊደል አስጻፍኩት፣ መልሶ እንዲያነብልኝም አደረግሁ።

እሑድ

የጎረቤት ሰርግ። ሰርግ አልወድም፤ ድምፅ ማጉያው፣ ግፊያው፣ ሦስት ጊዜ ብላ ብላ የሚለው ሰው። ጦይባና ባሏ ስለሚመጡ ሄድኩ። ሰይድም አለ። ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን ወደ ላይ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ሁሉም ይቀዳል። ነገ ይህ ሁሉ ሚሞሪ ላይ ነው፣ ከነገ ወዲያ የት እንደሚሆን አላህ ይወቅ። ይህን እያሰብኩ አንድ ነገር መጣልኝ። የፋይል ስም ይቀየራል፣ ይጠፋል። ግጥሙ ውስጥ ያለ ስም ግን?

በሕይወቴ ለአዝማሪ ግጥም ሰጥቼ አላውቅም። ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እንደ ልማዴ ድምፅ ቀንሱ ልል መስሏቸው ይሆናል። «ተቀበይ» አልኳት።

«እሺ ጠበቃዬ!»

«ድምፅ አገር ቢያቋርጥ፣ ቢሄድ ባሕር ማዶ፣
የጦይባ ነውና፣ በሕግ አይቀር ተክዶ።»

አንዱ ከኋላ «ይግባኝ!» አለ፤ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ጦይባ አልሳቀችም። ባሏን አየችው፣ እሱ ማሲንቆውን ዝቅ አደረገ። የመጀመሪያውን መስመር እንዳለ ወሰደችው። ሁለተኛው ላይ ሕጉን አውጥታ ጣለችው፦

«የኔ የጦይባ ነው፣ መቼም አይቀር ተክዶ።»

ደገመችው፣ ሠለሰችው። ያዜመችው ለሙሽሮቹ አልነበረም። ሰይድ ስልኩን እንደያዘ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ቀና ብዬ ድንኳኑን አየሁ።

ሰኞ

ከቪዲዮ ድርጅቱ መልስ የለም። ወጣቱም አልደወለም። ጦይባ የትናንቱን ለልጇ ልካለች፤ ልጅቱ ግን ስልክ የምትይዘው አሠሪዋ ስትፈቅድ ነው፣ ትስማው አትስማው አላወቅንም። አሳታሚው እምቢ ካለ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ቢሮዬ ውስጥ ፋይሉን ከፍቻለሁ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የትናንቱን ዘፈን ሰው ቢቆርጠው የሚቆርጠው የቱን ነው? መግቢያውን ይወስድና ስሟን ይተዋል? ሰይድ ግድ የለም አብሽር፣ ሰው የሚወደው እዚያችው ስም ያለባት ቦታ ላይ ነው ይላል። እንዴት አወቅህ ስለው፣ ዛሬ ጠዋት ሲያስጭኑ የነበሩት ሁሉ ከዚያ ጀምርልን ነው ያሉኝ አለ። ይህ ማስረጃ አይባልም። ቢሆንም ጻፍኩት።

ማታ ወደ ቤት ስመለስ የከላላ ሚኒባስ መንገደኛ እየጠበቀ ቆሟል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ዘፈኑን እስከ ጥግ ከፍቶታል። የትናንቱ ነው። ሾፌሩ ሲያየኝ እጁን ወደ ድምፅ መቀነሻው ሰደደ፤ ያውቀኛል። ቆይ አልኩት በእጄ። «የኔ የጦይባ ነው» የሚለው መጣና አለፈ።

ከዚያ ቀንስ አልኩት።