በአጥሩ ጥግ ያሉት አስተሮች

ወንድምሽ ትናንት መኪና ገዛ።

ልጄ፣ ጤናሽን ያብዛልኝ፤ ባለሽበት ሁሉ የሚያስብልሽ ሰው አይጥፋ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም ከአምናው ይሻለኛል። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መኪናው የሚቆመው በአጥሩ ጥግ፣ አስተር አበቦቹ ካሉበት ላይ ነው።

አባትሽ ከወንዙ ዳር ነቅሎ ያመጣቸው ዕለት ትዝ ይልሻል? አንቺ ሥሮቻቸውን በቀሚስሽ አቅፈሽ ጭቃ በጭቃ ሆነሽ ገባሽ። እሱ እንደ ጎመን ፍግ ሲያበላቸው ከረመና ከመስኮቱ በላይ ረዝመው በመጀመሪያው ንፋስ ተጋደሙ። አክስትሽ «የሜዳ አበባ እኮ ናቸው፤ የሚስማማቸው ስስ አፈር ነው» ብትለው፣ «እንግዳ ጠርቼ አላስርብም!» አላት። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ! እሱ ካረፈ ወዲህ ፍግ አላስነካኋቸውም። ዝናብ ሲጀምር በግማሽ እከረክማቸዋለሁ፤ ቀጥ ብለው ያብባሉ። ጠዋት ጠዋት በርጩማዬን ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ወንድምሽን አትቆጪው። «እማዬ፣ አበባ አይሰረቅም፤ መኪና ግን ይሰረቃል» ይላል፤ እውነቱን ነው። አክስትሽም ግቢዋ ውስጥ እነሱን የምተክልበት ቦታ ሰጥታኛለች። ነገር ግን አሁን እምቡጥ ይዘዋል፤ ከተነቀሉ እንዳይደርቁ ፈራሁ። አበባቸው እስኪረግፍ ታገሠኝ ልበለው ወይስ ልንቀላቸው? ያንቺም ናቸውና ሐሳብሽን ንገሪኝ።

ሳትበዪ አትውጪ፣ ብርድ አይምታሽ። እግዜር በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ለመኪናው ማቆሚያ ሲሚንቶ የሚያፈስሰው ግንበኛ የሚመጣው በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው፤ እስከ ዓርቡ መልስሽን እጠብቃለሁ።

እናትሽ