ባሕር ዳር ያልሽው ቦታ

አምቦ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱሬቲ፤
ኡፕሳላ፣ ስዊድን

ደብዳቤሽ መስከረም ሲጠባ ደርሶናል። መልሱ የዘገየው ፖስታ ቤቱ አጥፍቶት አይደለም። አንዱን መልስ ጽፌ ራሴ ቀደድኩት፤ ሌላውን እናትሽ አንብባ "ይሄ ደብዳቤ አይደለም፣ ክስ ነው" ብላ ቀደደችው። ይህኛው ይደርስሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እናትሽ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። እኔም ያው ነኝ፤ ተማሪዎቹ ዛሬም ኬክሮስንና ኬንትሮስን ያቀያይራሉ፣ እኔም ዛሬም እቆጣለሁ።

ቅር ያለኝን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ታኅሣሥ ላይ ሦስት ሳምንት ፈቃድ እንዳላችሁ፣ በአንድ ጉዞ "ባሕር ዳር፣ ተራራ፣ ባህልና የዱር አራዊት" ለማየት እንደምትፈልጉ ጻፍሽ። አገራችን ለዚህ የማትመች ከሆነ ኬንያ እንደምትሄዱ፣ ስትመለሱ አዲስ አበባ ሆቴል ሁለት ቀን እንደምታድሩና እኛ እዚያ መጥተን እንደምናያችሁ ጨመርሽበት። ከስድስት ዓመት በኋላ ሁለት ቀን! ልጄን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ አስተናጋጅ ራሴ ላይ ቆሞ "ሻይ ላምጣ?" እያለኝ አላይም ብዬ ለእናትሽ ነገርኳት። ሽማግሌ ሳይልክ ያገባሽ ሰው ደግሞ አሁን ሽርሽሩን ይመርጥልናል አልኳት። በጣም ናፍቀሻታል።

የላክሽውን የኬንያ ጉዞ ወረቀት በጥንቃቄ አየሁት። ቀለሙ ያምራል። ነገር ግን በፊቱ ገጽ ላይ ያለው ኪሊማንጃሮ የሚገኘው ታንዛንያ ውስጥ ነው። የሌላ አገር ተራራ አሳይቶ የሚሸጥ ድርጅት አንበሳ አሳያለሁ ሲል እንዴት ይታመናል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ ባሕር ዳር ብለሽ ጻፍሽ፤ እኔም ባሕር ዳር ብዬ አነበብኩ። ከተማዋን ማለቴ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጣና አለ፣ የደሴቶቹ ገዳማት አሉ፣ ጢስ ዓባይ አለ፣ ጉማሬም አለ፤ ልጅቷ ጂኦግራፊ አልረሳችም አልኩ። ለአራታችን የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ተመላለስኩ። ሊቀ መንበሩ የጉዞውን ምክንያት ጠየቀኝ፤ ለሽርሽር ነው አልኩት። "ጓድ ኤጄታ፣ በዚህ ጊዜ ሽርሽር?" አለኝ። ጊዜውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም አልኩት፤ በዚህ ምክንያት ወረቀቱ ይበልጥ ተጓተተ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናትሽ መንገድ ላይ ቆመች።

"አባ ዱሬቲ፣ ተራራ የሚባል ከተማ አለ?" አለችኝ።

"የለም።"

"ባህል የሚባልስ?"

"ምን ለማለት ነው?"

"ታዲያ ልጅቷ ለሌላው ሁሉ የቦታ ስም ሳትሰጥ አንዱን ብቻ ከተማ አድርጋ ትጽፋለች? የባሕር ዳር ማለቷ ነው እንጂ። ውሃ ዳር። አሸዋ ላይ።"

ቤት ገብቼ ደብዳቤሽን እንደ ፈተና ወረቀት መረመርኩት። ከታች፣ ባለቤትሽ አሸዋ ላይ ተጋድሞ መዋል እንደሚወድ የሚተርክ አንቀጽ አለ። ስለ እሱ የሚያወራ ስለሆነ ዘልዬው ነበር። ፈረንጆቹ የቦታ ስም የሚለዩበት ትልቅ ፊደል አላቸው፤ እኛ የለንም። አንቺም ብትሆኚ "የባሕር ዳርቻ" ብትዪ ምን ነበረበት? ቀበሌው የይለፉን ወረቀት የሰጠኝ በማግሥቱ ነው።

እውነተኛውን ባሕር በተመለከተ፣ ምጽዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ግን በደብዳቤ አልጽፍም፤ አንቺም አትጠይቂኝ። ስለዚህ "ባሕር የለንም፤ ኬንያ ሂዱ፣ አንበሳውን ሰላም በሉልን" ብዬ ጻፍኩ። እናትሽ የቀደደችው ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ "ወንጪስ?" አለችኝ።

ወንጪ ሐይቅ ነው እንጂ ባሕር አይደለም አልኳት።

"አይተኸዋል?"

በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ አልኳት።

"ውሃው ሰሌዳው ላይ ነው እንዴ ያለው?" አለች።

ዱሬቲ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከአምቦ ወንጪ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ አላየሁትም። ማንም ሰው ዘመድ ሳይኖረው ወይም ጸበል ሳይፈልግ ወደዚያ አይወጣም። ለማየት ብቻ መሄድ የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ የለም።

ከበበውን ታስታውሺዋለሽ፤ ትምህርት ቤት ካንቺ አንድ ክፍል ይቀድም የነበረው ቀልደኛ። አሁን የግብርና ቢሮ ሾፌር ነው። ዘር ድንች ጭኖ ወደዚያ ሲወጣ እናትሽን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እኔን በእሷና በበሩ መካከል አጣብቆ ወሰደን። መንገዱ መንገድ አይባልም። ላንድሮቨሩ በዘለለ ቁጥር እናትሽ ጉልበቷን ትይዛለች፣ ከበበው ደግሞ ወሬውን ይቀጥላል።

"ቲቸር፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ክሬተር ምን እንደሆነ አላወቅህም ብለው ማርክ ቆርጠውብኛል፤ ትዝ ይልዎታል?"

ትዝ ይለኛል፣ ተገቢም ነበር አልኩት።

"ዛሬ ክሬተሩ አፍ ላይ አቁሜ እጠይቅዎታለሁ። ካልመለሱ በእግር ነው የሚወርዱት።"

አፋፉ ላይ ስንደርስ አቆመ። ጠዋት ነው፤ ብርዱ ይቆነጥጣል። ከፊታችን የነበረው ጉም ብቻ ነው፤ ከታች ጀምሮ እስከ እግራችን ሞልቶ ተኝቷል። ይህን ለማየት ነው እንዴ የመጣነው ብዬ ልናደድ ስል እግሬ ስር ዶሮ ጮኸ። ከሥር፣ ከጉሙ ውስጥ። ቀጥሎ የሕፃን ሳቅ መጣ፣ ከዚያ ፈረስ አሽካካ። ምድር ከውስጧ የምትናገር መሰለኝ። ቆሜ ሳዳምጥ ጉሙ ከመሃል ተሰነጠቀ።

እሳተ ገሞራ ተፍቶ ሲጨርስ የተራራው አናት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጎድጓዳው ውሃ ይይዛል። ይህን ከመምህራን ማሠልጠኛ ከተመረቅኩበት ዓመት ጀምሮ ስናገር ኖሬአለሁ፤ አንዲት ቃል ስህተት የለባትም። ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ገደሉ ዙሪያውን ቆሟል። በገደሉ ደረት ላይ እንሰት ያጠረው ጎጆ፣ ከጎጆው በላይ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በላይ የአስታና የኮሶ ዛፍ። ከሁሉም በታች ውሃው አለ። ቀለሙን ልጽፍልሽ ሞከርኩ፤ አረንጓዴ አይደለም፣ ሰማያዊም አይደለም። ደመና ሲያልፍበት ይጠቁራል፣ ደመናው ሲለቀው ከውስጥ እንደበራ መብራት ይነሣል። በመሃሉ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ያ ሁሉ እሳት የነበረበት ቦታ ሰው ገብስ ዘርቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ይኖርበታል።

ከበበው "እሺ ቲቸር፣ ክሬተር ምንድን ነው?" አለኝ። በጣቴ ውሃውን አሳየሁት። አላሾፈብኝም፤ እሱም ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

ቁልቁለቱን በፈረስ ወረድን። ኦቦ ጉዩ የሚባል የአገሩ ገበሬ ነው ፈረሶቹን ያመጣልን። እናትሽ መጀመሪያ ጉልበቴ ብላ እምቢ አለች፣ ከወጣች በኋላ ግን ኮርቻው ላይ እንደ ሙሽራ ቀጥ አለች። አንዲት ጠምዛዛ ላይ ፈረሷ ሣር ልነጭ ብሎ ሲቆም ሳቀች። ሳቋ ገደሉን ዞሮ ተመልሶ መጣ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር።

ውሃው ዳር ስንደርስ ጉዩ ለምን እንደመጣን ጠየቀኝ። በኦሮምኛ ነው ያወራነው፤ አስተማሪ መሆኔን ከከበበው ስለሰማ "ባርሲሳ" ይለኛል።

"ያ ባርሲሳ፣ ለቅሶ ነው?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ሠርግ?"

"አይደለም።"

"ጸበል ነው እንዳልል እናንተ የቂርቆስ ሰዎች አትመስሉም።"

"ለማየት ነው" አልኩት።

"ምኑን?"

እጄን አንሥቼ ዙሪያውን አሳየሁት። እሱም የጠፋ ከብት እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያውን አየና ግራ ገባው። እናትሽ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ ስዊድን ያለች ልጅ፣ ፈረንጅ ባል፣ ኬንያ፣ አሸዋ። ጉዩ አንገቱን ነቅንቆ ሳቀብኝ።

"ልጅ አባቷ ቤት ልትመጣ ውሃው ይለካላታል?" አለኝ። "'ኮታ፣ ኑ' በላቸው፤ በቃ።"

ተቆጣሁ። የተማረ ሰው በአንድ "ኑ" ከስዊድን አይመጣም፣ ዕቅድ ይፈልጋል አልኩት። ውሃውንም አልለካሁም አልኩት። እንዲህ ስለው ግን ጫማዬን አውልቄ አሸዋውን በእግሬ እየመረመርኩ ነበር። ጥቁር ነው፣ ጠጠር ይበዛበታል፣ ሁለት ሰው በደንብ ያስተኛል። ውሃው ይቀዘቅዛል። ከደሴቱ የቅዳሴ ድምፅ በውሃው ላይ ተንሸራቶ ይመጣ ነበር። ቁጭ ብለን አዳመጥነው።

"ያ ልጅ አሸዋ ላይ መተኛት ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ወይስ ዝም ማለትም ይችላል?" አለች እናትሽ። "እዚህ ዝም ማለት የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልገው።"

"ኤሪክ?" አልኩ። "ይመስለኛል።" እናትሽ ዞራ አየችኝ፤ ስሙን ስጠራ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥኩም። ባለፈው ቅዳሜ በአውቶቡስ እስከ ጊንጪ ሄጄ ጭልሞ ጫካ ገባሁ። አንበሳ የለም፤ አልዋሽሽም። ዝሆንም የለም። የጽድ ዛፉ ከሺህ ዓመት ጀምሮ የቆመ ይመስላል፤ ሥሩ ያለው ጨለማ እርጥብ ነው። ወፍ እንኳ የለም ብዬ ልመለስ ስል ከራሴ በላይ ቅርንጫፍ ተወዘወዘና ጉሬዛዎቹ መጡ። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲዘሉ ነጩ ጠጉራቸው ከጀርባቸው እንደ ካባ ይዘረጋል፤ አየሩ ላይ ለቅጽበት የሚንጠለጠሉ ይመስላሉ። አንዱ ትልቅ ቁልቁል አየኝ። ተማሪ እንዲህ ትኩር ብሎ ቢያየኝ ኖሮ አስወጣው ነበር። እኔ ግን ባርኔጣዬን አወለቅኩለት። ለምን እንዳወለቅኩ አላውቅም።

ስለዚህ ዕቅዱ እንዲህ ነው። አምቦ ስትገቡ መጀመሪያ ፍል ውሃው መዋኛ ገብታችሁ የመንገዱን ድካም ታወርዳላችሁ። ጉደር ፏፏቴ ቅርብ ነው፤ በነጋታው ቢሆን ይሻላል። ወንጪ ላይ አንድ ሌሊት እናድራለን፤ ጉዩ ቤቱን ይለቅልናል፣ ቁንጫ እንዳለ ግን ከአሁኑ ለኤሪክ ንገሪው። ጭልሞን በእግር ነው የምናየው። የቀረው ደንዲ ነው፤ ተራራው ላይ ሁለት ሐይቅ ተያይዞ እንደ ስምንት ቁጥር የተኛበት። ከጊንጪ ሩቅ አልነበረም፣ ከበበውም ልውሰድዎት ብሎኝ ነበር። አልሄድኩም። እሱን ገና አላየሁትምና ካንቺ ጋር ልየው።

ይህን እስከዚህ ጽፌ ለእናትሽ አነበብኩላት። "'በጣም ናፍቀሻታል' ያልከው ስለ ማን ነው?" አለችኝ። ስለ አንቺ አልኳት። "እኔ የራሴን መጻፍ አያቅተኝም፤ አንተ የራስህን ጻፍ" አለች። ቀለሙ ደርቋል፤ ሰርዤ ገጹን አላበላሽም። አንቺ የአስተማሪ ልጅ ነሽ፣ ስታነቢ አርሚው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ኬንያን የሚያህል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚያ አሸዋው ነጭ ነው፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ አንበሳው በቀጠሮ ይመጣል። ቲኬት ቆርጣችሁ ከሆነም አልቆጣም። እናትሽ ሆቴል እሄዳለሁ ብላ ቀሚሷን አሰፍታለች፤ እኔም ኮቴን አሳጥቤያለሁ። ሁለት ቀን ከሆነ ሁለት ቀን ይሁን። አስተናጋጁም ሻይ ያምጣ፤ ሻይ አልጠላም። ግማሽ ቀን ብቻ ቢሆንም ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ እንገኛለን።

አውሮፕላናችሁን በደህና የሚያሳርፍ አምላክ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም መንገድ ያቅናላችሁ። በሐኪም ቤቱ እጅሽ የበሽተኛ ማዳኛ ይሁን፤ ቤታችሁ ሰላምና ልጅ አይጣ። ኤሪክን ሰላም በይልኝ።

ቀኑን ብቻ ጻፊልን። ከቻልሽ ደግሞ የኤሪክን ቁመት፤ የወንጪ ፈረሶች ትናንሽ ናቸው፣ ርካቡን ከአሁኑ እንዲያስተካክል ለጉዩ መልእክት ልላክለት።

አባትሽ
ኤጄታ ጉርሙ